የጓሳ ክረምት

አገር ለማየት የሚነሣ ሰው ክረምቱ እስኪወጣ መጠበቁ የተለመደ ነው። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ይፈነዳል፤ ወንዙ ይጎድላል፤ መንገዱ ይደርቃል፤ ሰማዩም ታጥቦ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ጠርቶ ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለው ወራት የመንገደኛ ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን የገበሬ ናቸው እንጂ የመንገደኛ አይደሉም ይባላል። ይህ አባባል ስለ ብዙ ስፍራ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ አንድ ስፍራ ግን እውነት እንዳልሆነ ላስረዳህ እወዳለሁ፣ አንባቢ ሆይ። ይኸውም በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ደጋዎች አናት ላይ የሚገኘው ጓሳ ነው። ጓሳን በበጋ ያየ ሰው መልኩን አይቷል፤ በክረምት የሄደ ግን ያንን መልክ ማን እንደሚያኖረው፣ በምንስ ዋጋ እንደሚያኖረው ያያል።

እኔ ወደዚያ የሄድሁት ከራቤል ተነሥቼ፣ በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ነበር። ራቤል የግሼ ወረዳ ከተማ ናት። ግሼ ሲባሉ የዓባይ ምንጭ ያለባት የጎጃሟ ግሽ፣ ወይም በወሎ ያለችው ግሸን የምትመስላቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም፤ ስሞቹ ቢቀራረቡም ሦስቱ ልዩ ልዩ አገሮች ናቸው። የሸዋው ግሼ ከመንዝ ጋር በአንድ አፍ የሚጠራ ደጋ ነው። በሰሜን ከወሎ ጋር ይዋሰናል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ መሬቱ እንደ ተቆረሰ ዳቦ በድንገት ይቋረጥና ወደ ቆላው ያዘቀዝቃል።

በዚያ ወራት ራቤል የሰነበትሁት ለዘመድ ጥየቃ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከማታ እስከ ጠዋት ያለ ዕረፍት ይወርድ ነበርና ወደ ጓሳ ልሄድ መሆኔን ስናገር የቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። «ልጄ፣ ጓሳ የሚኬደው ሲከፈት ነው፤ በተዘጋ ወራት ሄደህ ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ። በርም አጥርም የሌለው፣ በሰማይና በገደል መካከል የተንጣለለ ሜዳ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ በዚያን ሰዓት አልጠየቅኋትም። እርሷም ክርክሩን ሳትገፋበት በሶና ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ ባናም አንሥታ በትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ባና ከመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ ከባድ ልብስ ነው። ዝናብ ሲመታው ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን አይለየውም።

ከራቤል ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነበር። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው መንገደኛውን ያስመርረዋል። የተሳፈርሁበት የጭነት መኪና ብዙ ሳይጓዝ አንድ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማውን ጭቃ ዋጠውና ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በዝምታ ተመለከተ፤ ረዳቱ ድንጋይ ፍለጋ ሄደ፤ ተሳፋሪውም ሁሉ ወርዶ ከዝናቡ ጋር ተፋጠጠ። ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። ነፋሱ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይነፍስ ነበርና ጃንጥላውን ገልብጦ ጨርቁን ወሰደው፤ በእጄ የቀረው ሽቦው ብቻ ሆነ።

ገሳ የለበሱ ሦስት ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያሉት በዚህ ጊዜ ነው። ገሳ አይተህ የማታውቅ እንደሆነ ልግለጽልህ። ከጓሳ ሣር እየተጎነጎነ የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው። ከራስ ጀምሮ ጀርባን ሸፍኖ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ውስጡ ጥልፍልፍ ነው፤ በውጭ በኩል ግን የሣሩ ጫፍ ወደ ታች እንዲያዘነብል ሆኖ እንደ ቤት ክዳን ይደራረባል። ስለዚህ ውኃው ሣሩን ተከትሎ ይንሸራተታል እንጂ ወደ ገላ አይዘልቅም። ገሳ የደረበ እረኛ ቁጭ ብሎ ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ጎጆ ይመስላል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰውየው የሚያድርበት ቤት ክዳንና በላዩ የደረበው ልብስ ከአንድ ሣር የተገኙ ናቸው። በሬውን የሚያስርበት ገመድም ከዚያው ሣር ይገመዳል። ሣሩም ስፍራውም የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ ሁለቱም ጓሳ ይባላሉ።

እነዚያ ሰዎች ከእኛ ጋር ገፍተው መኪናውን አወጡት። ከሦስቱ አንዱ የጓሳ ጠባቂ ነበረ፤ መንገዱም መንገዴ ሆነ። ወዴት እንደምሄድ ሲሰማ ጃንጥላዬን አየና ፈገግ አለ እንጂ ምንም አላለኝም። ሲመሽ ከጥብቁ ስፍራ ዳር ወደሚገኘው የእናቱ ቤት ወሰደኝ።

ቤቱ በመንዝ ደንብ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። በውስጡ የኩበት እሳት ይጤሳል፤ ከወዲያ በኩል በጎቹ ታስረው ያመሰኳሉ። ብርዱን የሚከለክለው እሳቱ ይሁን የበጎቹ ትንፋሽ ለመለየት አይቻልም። እናቲቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። እግሬን ታጥቤ የገብስ ቂጣና ትኩስ ሽሮ ቀረበልኝ። እየበላሁ ሳለሁ ግን አንድ ድምፅ ጆሮዬን ያዘው፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቀና ብዬ ብመለከት ጣራው በሦስት ስፍራ ያፈስሳል። በአንደኛው ሥር ብረት ድስት፣ በሁለተኛው ሥር የወተት ጣሳ፣ በሦስተኛው ሥር አፉ የተሸረፈ ጋን ተቀምጦ ነበር። ሴትዮዋ ዕቃዎቹ ሲሞሉ እየተነሡ ወደ ደጅ ይደፋሉ፤ ተመልሰውም በስፍራቸው ያኖሯቸዋል። ይህንን የሚያደርጉት ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ ነው።

«እማማ፣ ክዳኑ ያረጀ ይመስላል» አልኋቸው።

«አርጅቷል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከደነው ነው።»

«ሣሩስ ከደጅዎ አይደለም እንዴ? አንድ ሁለት ሸክም ታጭዶ ቢመጣ ይህ ቀዳዳ ይደፈን ነበር።»

«አልተከፈተማ!» አሉኝ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ የተጠየቁ ይመስል።

«ለማደሻ ያህል እንኳ?»

«ለእኔ ከተከፈተ ለሁሉም ተከፈተ ማለት ነው፣ ልጄ። የማን ጣራ የማያፈስስ አለና?»

ልጃቸው እሳቱን እያስተካከለ ዝም አለ። እርሱ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሣር ውስጥ ይውላል፤ የሣሩ ቁመት ከወገቡ ሊደርስ ምን ያህል እንደ ቀረው ያውቃል፤ ማታ ግን ወደ እናቱ ቤት አንዲት ዘለላ ይዞ አይገባም። ስለ ዱር አራዊትና ስለ ዕፀዋት ጥበቃ የሚጻፈው ጽሑፍ በአብዛኛው ጥበቃን ዋጋ የማያስከፍል መልካም ነገር አስመስሎ ያቀርበዋል። ከፋዩ ግን አለ። እኔ በዚያች ሌሊት ክፍያው በብረት ድስት ውስጥ ሲንጠባጠብ ሰማሁ።

ይህ ሥርዓት ትናንት የተጀመረ አይደለም። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ እንደ መጣው ታሪክ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን ተካፈሉ። ጓሳን ግን ማረሻ እንዳይነካው፣ ለግጦሽና ለሣር ብቻ እንዲሆን ለይተው አኖሩት። ከእነርሱ የተወለደ ሁሉ በአጽመ ርስትነት ድርሻ ነበረው። ሁለቱም ወገኖች በየበኩላቸው አለቃ ይመርጣሉ፤ ባለ ድርሻዎቹም በየአጥቢያቸው ይመደባሉ። ጓሳ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ በተከታታይ ይዘጋል። ሣሩ መድረሱን ሽማግሎች አይተው ሲያረጋግጡ፣ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። ይህም በጋው በጠና ጊዜ፣ የሌላው መሬት ሣር ባለቀበት ወራት ነው። መጀመሪያ ማጭድ ይገባል፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ሁሉም ይወጣል። የመጨረሻው ቀን የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል የሚውልበት ሐምሌ 5 ነበር።

ይህ የቀን አቆጣጠር የእምነት ብቻ አይደለም፤ የእርሻ ዕውቀትም አለበት። ሣሩ የሚያድገው በክረምት ነው። መሬቱ ውኃ በጠጣበት ወራት የከብት ኮቴ ሲረግጠው ሣሩ ከነሥሩ ይነቀላል፤ የተነቀለበት ስፍራም ጭቃ ሆኖ ይቀራል። በበጋ የተጋጠ ሣር ግን ሥሩ በደረቅ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። እንግዲህ አክስቴ «በተዘጋ ወራት» ያለችው ሣሩ ሥራውን የሚሠራበትን ወራት ነው።

ሕጉን የጣሰ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። ጓሳ ተዘግቶ ሳለ በአዲስ ሣር የተከደነ ቤት ቢገኝ ቤቱ ይቃጠል እንደ ነበር ሽማግሎች ይናገራሉ። የሚያፈስስ ጣራ ይዞ መቀመጥና ጣራ አልባ ሆኖ መቅረት፣ ምርጫው ይህ ነበር ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ አጽመ ርስት ቀረ። ከእርሱም ጋር በትውልድ ላይ የቆመው የጓሳ ሥርዓት ፈረሰ። ይህንን እንደ ጥፋት ብቻ ቈጥረው የሚተርኩ ሰዎች አሉ። እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ከአስቦና ከጌራ የማይወለድ ሰው፣ ዕድሜውን ሁሉ የጓሳ ጎረቤት ሆኖ ቢኖርም፣ ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። ጉሙ የእርሱንም ቤት ይሸፍነዋል፤ ዝናቡ በእርሱም ጣራ ይወርዳል፤ ሣሩ ግን የሌላ ነው። አዋጁ ሲነገር እንዲህ ያለው ሰው ማጭዱን ይዞ ቢሮጥ የሚፈረድበት አይመስለኝም። በሌላ በኩል ሁሉም ባለ ድርሻ ሲሆን ጠባቂ ጠፋ። ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ፣ ሳያገግም ይጋጥ ጀመር፤ እርሻም ከዳር ከዳሩ ገባበት። ደጋው መራቆቱን ያየው ሕዝብ ከዓመታት በኋላ በየቀበሌው ተወካዮች መርጦ የመዝጋቱንና የመክፈቱን ሥርዓት እንደገና አቆመ፤ ኋላም የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ መሆኑን በደንብ አጸና። በአዲሱ ሥርዓት መዝጋቱ ተመለሰ፤ የዘር ሐረግ ቈጠራው ግን አልተመለሰም። ከአሮጌው ቤት ደህናውን ማገር አውጥቶ አዲስ ቤት እንደ መሥራት ያለ ነገር ነው።

በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው የሚባለው፣ በአሜሪካ የሚገኘው የሎውስቶን፣ የተከለለው በ1864 ዓ.ም. ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ነው። በእኛ አገር የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው በ1962 ዓ.ም. ነው። የሎውስቶን ሲከለል ነባሮቹ ሕዝቦች ከምድራቸው እንዲወጡ ተደርገዋል። ጓሳ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የኖረውም ባለ ሣሮቹ ራሳቸው ጠባቂዎች ስለ ሆኑ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ ጋብ አለና ከጠባቂው ጋር ወደ ሜዳው ወጣን። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደጋ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነውና ከደጋ ያልመጣ ሰው ዳገት ሲወጣ ቶሎ ያለከልካል። ሣሩ እንደ ተራ ሜዳ ሣር ተነጥፎ አይበቅልም፤ በየጉብታው እንደ ቁንጮ ተሰብስቦ ይቆማል። በጉብታና በጉብታ መካከል ውኃ ያቁራል። እግርህን የት እንደምታኖር ካላየህ ያ ውኃ እስከ ቁርጭምጭሚትህ ይውጥሃል። ጠባቂው ግን ከጉብታ ወደ ጉብታ ድንጋይ እንደሚረግጥ ሰው እየዘለለ ይሄዳል። አስታው ጠል ተሸክሟል፤ ረጃጅሞቹ ጅብራዎች በጉሙ ውስጥ እንደ ቆሙ ሰዎች ይታያሉ። አንዱን ጅብራ ሰው መስሎኝ ሰላምታ ልሰጠው ስል ጠባቂው ሳቀብኝ።

ጭላዶቹን ከማየታችን በፊት ሰማናቸው። ጭላዳ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ነው። ሌሊቱን በገደል ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል። ጉሙ ገለጥ ሲል ከመቶ የሚበልጡ ጭላዶች ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣር ሲነጩ አገኘናቸው። ትልልቆቹ ወንዶች ጎፈራቸው በዝናብ ረጥቦ ከትከሻቸው ላይ ተጣብቋል፤ በደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ግን በዚያ ግራጫ ማለዳ እንደ ፍም ይታያል።

በመካከላቸው ሌላ ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጠባቂው ክንዴን ያዘና «ዝም በል» አለኝ። ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ናቸው። ይህ አንዱ ለብቻው በጭላዶቹ መካከል ቀስ እያለ ይሄዳል። ጭላዶቹ ልጆቻቸውን ይዘው አልሸሹም፤ ቀበሮውም ወደ ግልገሎቹ ዘወር ብሎ አላየም። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ድንገት ዘለለ፣ አፈሩን ጫረ፣ አይጥ ነክሶ ቀና አለ። ነገሩ እንዲያው የአጋጣሚ አይደለም። ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ላይ ለብዙ ጊዜ ሲከታተሉ ቆይተው በ2007 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዶች መካከል ሆኖ ከሚያደርገው አደን ከመቶ 67 ያህሉ ሲሳካለት፣ ለብቻው ሲያድን ግን የሚሳካለት ከመቶ 25 ብቻ መሆኑን አስረድተዋል። የጭላዶቹ መንጋ አይጦቹን ያዘናጋቸው ወይም የቀበሮውን መምጣት ይሸፍንባቸው ይሆናል። ሣሩ ለአይጡ መሸሸጊያ፣ ለጭላዳው ምግብ ነው፤ አይጡ ደግሞ ለቀበሮው። ያች አሮጊት ያላጨዷት ሁለት ሸክም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ትገኛለች።

ከዚያ ወደ ምሥራቁ ጠርዝ ሄድን። የመንዝ ድንጋይ በበጋ አቧራ ለብሶ ሲታይ ግራጫ ነው፤ ልዩነቱም ብዙ አይታወቅም። ዝናብ ሲያጥበው ግን ጥቁሩ ይጠቁራል፤ በጥቁሩ ንጣፍና ንጣፍ መካከል እንደ መቀነት የዞረ ቀይ መሥመር ይወጣል። የኢትዮጵያ ደጋ ዐለት በአብዛኛው የተፈጠረው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ደጋግሞ ፈልቶ በወጣ ቅልጥ ድንጋይ ነው። አንዱ ቅልጥ ወጥቶ ከበረደ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ረጅም ዘመን ሲያልፍ፣ በላዩ አፈር ይፈጠራል። ኋላ የሚመጣው ቅልጥ ያንን አፈር ምጣድ እንደምታቃጥል ሴት ጠብሶ ያቀላዋል። እንግዲህ በገደሉ ላይ የሚታየው ቀይ መሥመር ሣር በቅሎበት የነበረ ጥንታዊ መሬት ሊሆን ይችላል። ሰው ያልነበረበት፣ የሚዘጋውም የሚከፍተውም ያልነበረው መሬት ነው። ከዚያ ቀይ ዐለት ላይ ቀጫጭን ፏፏቴዎች እየተወረወሩ ሳይደርሱ በነፋስ ይበተኑ ነበር።

ከዚያ ጠርዝ ላይ ቆመህ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ብትከተለው ጓሳ የሁለት ተፋሰሶች ጣራ መሆኑን ትረዳለህ። በስተ ምዕራብ የሚወርደው ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ገብቶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ያመራል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በአንድ ሣር ላይ ያረፉ ሁለት ጠብታዎች ነፋሱ በጥቂት ክንድ ቢያለያያቸው አንደኛው የእስክንድርያን ጨው ሲቀምስ ሁለተኛው በአፋር ፀሐይ ይተናል። ሣሩ ግን ሁለቱንም ቶሎ አይለቅቃቸውም። በቁንጮው ይይዛቸዋል፣ በሥሩ ያጠጣቸዋል፣ በጋ ሲሆን በምንጭ በምንጩ ጥቂት በጥቂት ይሰጣቸዋል። ከደጋው በታች የሚኖረው ገበሬ በሚያዝያ ላሟን የሚያጠጣው በሐምሌ ባልተረገጠው ሣር አማካይነት ነው። ይህንን በበጋ ቢነግሩህ ታምናለህ፤ በክረምት ግን ጫማህ ውስጥ ገብቶ ይነግርሃል።

ወደ ቤት ስንመለስ በመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች አንዳንዶቹ ቆርቆሮ የለበሱ መሆናቸውን አስተዋልሁ። ትናንት በጉም ምክንያት አላየኋቸውም ነበር። ጠባቂውም የእናቱን ቤት በቆርቆሮ ለመክደን ገንዘብ እያጠራቀመ መሆኑን አጫወተኝ። ደስ አለኝ፤ ማንስ ደስ አይለውም? ከዚያ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝና እናቱን ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ሁሉም ቤት ቆርቆሮ የለበሰ እንደሆነ ሣሩን ማን ይፈልገዋል? የሚፈልገው ከጠፋስ ማን ይጠብቀዋል?»

ሴትዮዋ ጋኑን ወደ ደጅ ደፍተው ተመለሱና ጥያቄው ጊዜ የማይገባው ሆኖ እንዳገኙት በሚያስታውቅ ሁኔታ መለሱልኝ። «በግ ቆርቆሮ አይበላም። ገሳስ በምን ይሠራል? ደግሞ ቆርቆሮ ሲዘንብበት ሰው አያሰማም፤ ከጎረቤት ጋር መጨዋወት ይቀራል።»

በጉና ገሳው እውነት ነው፤ ነገር ግን በጉን ለገበያ፣ ገሳውን በፕላስቲክ የሚለውጥ ትውልድ እየመጣ መሆኑንም አያለሁ። ለሣሩ የተዘጋጀው ጥበቃ በሣሩ ፍላጎት ላይ የቆመ ነበር። ፍላጎቱ ሲቀንስ ጭላዳው፣ ቀበሮውና ምንጩ ያንን ቦታ ተክተው ሕዝቡን ሊያስጠብቁ ይችሉ እንደሆነ፣ እንግዳ ከሚከፍለው የማደሪያ ገንዘብስ ለየቤቱ የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነ፣ ከራቤልም ሆነ ከመሐል ሜዳ ወደዚያ የምትሄድ አንተ አንባቢ ጠይቀህ እንድትረዳ እተውልሃለሁ። ስትሄድ ጃንጥላ አትያዝ።

ከቀትር በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መጣ፤ ዝናቡም ተከተለው። ጠባቂው ቂጣውን በእጁ እንደ ያዘ ገሳውን ደረበ። የዚያን ቀን ተራው በምዕራቡ ጠርዝ በኩል ነበር።